ሁለተኛው ገጽ

«ሁለተኛው ገጽስ ምን ይላል?»

እናቷ ይህን ስትጠይቃት ሲፈን የሶላር ኪራይ ውሉን ወረቀት ገልብጣ አየችው፤ ፊደሉ እንደ ጤፍ ደቅቋል። ጓደኛዋ ሰላማዊት ደግሞ በር ላይ ቆማ ትጣራለች። «ሲፉ! አቦ ነይ በቃ! እነ ነአምን እንጦጦ ፓርክ ደርሰው ፎቶ እየለቀቁ ነው!»

«ያው ነው እማዬ» አለች ሲፈን። «የፊተኛውን ነው የሚደግመው።»

እናቷ አስረሳሽ አመነቻት።

የሚኖሩት ካራ ሰፈር፣ ከወይዘሮ የማርያምወርቅ ቤት ጓሮ በተከራዩት አንድ ክፍል ነበር። መብራት የሚያገኙት ከወይዘሮዋ ቆጣሪ ነው። እሳቸውም ምሽት ሁለት ሰዓት ሲሆን «ካርዴን ጨረሳችሁት!» ብለው የጓሮውን መስመር ያጠፉታል። ሲፈን የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለባት። አስረሳሽም በአያት ኮንዶሚኒየም የሰው ልብስ ስታጥብ ውላ የጎልማሶች ትምህርት ትማር ነበርና የቤት ሥራ አለባት። ወንደሰን የሚባለው የሶላር ድርጅት ሠራተኛ የመጣው ይህን ሰምቶ ነው።

«መግዛት ምን ያደርግልዎታል?» አላት። «የገዙት ቢበላሽ ራስ ምታቱ የእርስዎ ነው። ቢከራዩት ግን እኛው እንጠግናለን።»

«ቤቱም ኪራይ፣ ፀሐይዋም ኪራይ!» ብላ አስረሳሽ ሳቀች።

ወንደሰን ለአውራ ጣት አሻራ የሚሆን ቀለም አቀረበላት። እጁን ገፋ አደረገችው። «ስሜን እጽፋለሁ» አለች። ወረቀቱ ላይ ተደፍታ አምስቱን ፊደላት አንድ በአንድ አሰፈረቻቸው። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ፊርማ ነበረች። ቀና ስትል ልታሳያት የፈለገቻት ሲፈን ከግቢው ወጥታ ነበር።

ፓኔሉ ጣራው ላይ ተተከለ፤ ስምንት ወር ሙሉ እናትና ልጅ ከአንድ አምፖል ሥር ሲጽፉ አመሹ። ልጅ የእናቷን ደብተር ታርማለች፤ እናትም «ይህቺን ደግሞ ለምን ኤክስ አደረግሽብኝ?» እያለች ትከራከራለች።

ከዚያ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ክፍሉን ፈለጉት። ልደቱ የሚባለው የወንድማቸው ልጅ አግብቶ ሊገባበት ነው።

አስረሳሽ አላለቀሰችም። ከላይ፣ ዳገቱ ጋ ሌላ ክፍል አገኘች፤ መብራት የለውም። «የራሳችንን መብራት ይዘን እንሄዳለን» አለች። በሚለቁበት እሁድ ጠዋት ጎረቤታቸው ጋሽ ገበየሁ መሰላል አቁመው የፓኔሉን ብሎን መፍታት ሲጀምሩ ወንደሰን ደረሰ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይውረዱ! መሣሪያው ከተተከለበት ቤት አይነሳም። ተከራዩ ቤቱን ከለቀቀ ውሉ ወደ ቤቱ ለሚገባው ሰው ይተላለፋል። ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ።»

«የለም!» አለች አስረሳሽ። ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ቆሟል። «ልጄ አንብባልኛለች። ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ከክፍሏ ሁለተኛ! እንዲህ የሚል ነገር ቢኖር ትነግረኝ ነበር። ንገሪው እስቲ፣ ሲፈን!»

ሲፈን መሬት መሬት አየች። ፊደሉ ደቃቃ ነበር ልትል ትችላለች። ወረቀቱን ቀይረውታል ብትልም እናቷ ታምናታለች፤ ከሰው ሁሉ ጋር ትጣላላታለች።

«ሁለተኛውን ገጽ አላነበብኩትም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አላነበብኩትም፣ እማዬ። ሰላማዊት እየጠበቀችኝ ነበር።»

ጋሽ ገበየሁ ከመሰላሉ ቀስ ብለው ወረዱ።

«እኔስ ለባለቤት ብለው የሰጡኝን ቅጂ ልደቱ አንብቦልኛል» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ሁለቱንም ገጽ።»

አስረሳሽ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ለሲፈን ይሻላት ነበር። ወንደሰን የመልቀቂያ ቅጹን ሲያወጣ ሲፈን እንደ ልማዷ ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። እናቷ ግን ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። በተጠቀለለው ፍራሽ ላይ ተቀመጠችና ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አኖረች።

«መል... ቀ... ቂያ...»

«እኔ ላንብብልሽ፣ እማ...»

«ተዪው።»

ዕቃቸውን ሊጭን የመጣው ባለጋሪ አጉረመረመ። ወንደሰን ሰዓቱን አየ። ሰላማዊት በሩ ላይ ብቅ ብላ «ሲፉ፣ ነይ ቻው ልበልሽ!» አለቻት። ሲፈን በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች፤ ከእናቷ አጠገብ አልተንቀሳቀሰችም። እናቷ የሳተችውን ፊደል ሁሉ ሰማች፤ አንዱንም ግን አላረመችም። የመጀመሪያው ገጽ አለቀ። አስረሳሽ ወረቀቱን ገለበጠችው።

ስትጨርስ ፀሐይዋ ከጣራው በላይ ወጥታ ነበር። ስሟን ጻፈች፤ ብዕሩንም ለወንደሰን መለሰችለት።

ፓኔሉ ጣራው ላይ ቀረ። አስረሳሽና ሲፈን ከጋሪው ኋላ ዳገቱን ይዘው ሄዱ።