መስታወት የሆነው ብረት

«በባዶ እጁ የነካው ማነው?» አለ ዲኖ፣ ከምድጃው የወጣውን ብረት መብራት ሥር እያገላበጠ።

ኦርኔላ አባቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ብረቱ የፕላስቲክ ዕቃ ቅርጽ የሚወጣበት ነው፤ ቶሎ እንዳያልቅ የሴራሚክ ሽፋን እንዲለብስ ወደ እነሱ ወርክሾፕ መጣ። ሌሊቱን አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ምድጃ ውስጥ አድሮ ወርቅ መስሏል። ሽፋኑ ከፀጉር የሳሳ ቢሆንም በቀላሉ የሚፋቅ አይደለም። መሐሉ ላይ ግን ተልጦ ግራጫው ብረት ይታያል። የተላጠው ቦታ የአውራ ጣት ቅርጽ አለው።

የታጠበ ብረት በባዶ እጅ አይነካም፤ የጣት ወዝ ካረፈበት ሽፋኑ አይይዝም። ኦርኔላ ይህን ያወቀችው ፊደል ሳትቆጥር ነው።

«ቴሳ፣ ትናንት ማጠቢያው ጋ የነበርሽው አንቺ ነሽ» አለ ዲኖ።

ቴሳ የኦርኔላ የክፍል ጓደኛ ናት። ትምህርት ቤታቸው ለሥራ ልምምድ የመደባት እዚህ ነው። «እኔ ጓንቴን አላወለቅኩም ሚስተር ዲኖ፣ እውነቴን ነው!»

«ታዲያ ብረቱ ራሱን ነካ? ደንበኛው ነገ ጠዋት የድንበሩን ድልድይ ተሻግሮ ከዲትሮይት ይመጣል፤ ምን ልበለው? ለአስተማሪሽ ደውዬ ሌላ ቦታ ይፈልጉልሽ እላለሁ። ከኦርኔላ እንኳ ብትማሪ ምን ነበረበት!»

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ኦርኔላን አንጀቷ ድረስ ወጋቻት።

ትናንት ከትምህርት መልስ፣ ቴሳ ውሃ ልትጠጣ ወጣ እንዳለች፣ ኦርኔላ ጥርሷ መሐል የተሰነቀረ የፒዛ ሥጋ ልታወጣ ጓንቷን አወለቀች። መስታወት አልነበረም። ታጥቦ የሚያብረቀርቀውን ብረት አነሳችና ጥርሷን አየችበት። አንዴ ነው፣ ምን ይሆናል ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ «አይ ፋራ!» ብላ የምትስቀው እሷው ነበረች።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ቴሳ የሥራ ካፖርቷን እያጣጠፈች ታለቅሳለች።

«ኦሪ፣ ሳላውቀው ነክቼው ይሆን እንዴ? ራሴን ተጠራጠርኩ እኮ። ይሄን ቦታ ለማግኘት ስንት ለመንኩ...»

«አቦ አታካብጂ። አባዬ እንደሆነ ንዴቱ ቶሎ ይበርድለታል» አለች ኦርኔላ።

የራሷ ድምፅ አስጠላት። ጓደኛዋ ባላደረገችው ነገር ራሷን እየጠረጠረች ነው፤ እሷ ደግሞ ቆማ ታጽናናታለች። እፍረቱ ፊቷን አጋለው። ወጥታ ወደ አባቷ ተመለሰች።

ዲኖ አሁንም ብረቱ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። «ምነው የኔ ልጅ?» አላት ቀና ሳይል።

ጓንቷን አወለቀችና አውራ ጣቷን የተላጠው ቦታ ላይ አሳረፈች። ልክክ አለ።

ዲኖ ጣቷን አየ፤ ከዚያ ፊቷን አየ። መነጽሩን አውልቆ ብረቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

«ቴሳ ገና አልሄደችም፤ ጃኬቷን እየለበሰች ነው» አለች ኦርኔላ። «አባዬ፣ ና አብረን እንሂድ። እኔ ነኝ የምነግራት።»