ያልታጠቡት ስድስት ሸሚዞች

አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሊያልቅ ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ በአንድ ዝናባማ ማለዳ፣ ከታላቁ ሐኪም ቤት ምድር ቤት የሚወጣው እንፋሎት ግቢውን ሸፍኖት ነበር፤ በዚያ ምድር ቤት አሥራ አራት ሴቶች የበሽተኞችን ልብስ እየቀቀሉ ያጥቡ ነበር፤ አለቃቸውም ስሟን ትተው «ወይዘሮ እምቢ» የሚሏት ሴት ነበረች። ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት አልነበራትም፤ እድፍን ግን ጸሐፊ ደብዳቤ እንደሚያነብ ታነበው ነበር።

ሰዓት አዳሽ የነበረው ታናሽ ወንድሟ ላይኛው ፎቅ ተኝቷል፤ ዋና ሐኪሙም «በአንጎሉ ክፉ እጢ በቅሏል» ብለዋል። ጭንቅላት ሳይከፈት ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ ገና ያልተፈለሰፈበት ዘመን ነውና፣ እጢው የት እንዳለ የሚታወቀው በምልክት ብቻ ነበር፤ ታማሚው ራሱን በግራ በኩል ስለሚያመው ጭንቅላቱን በግራ ሊከፍቱ ለማግሥቱ ቀጠሩ። ቢስቱ ሁለተኛ መክፈት የለም።

ወይዘሮ እምቢ የወንድሟን ስድስት ሸሚዞች ሳታጥብ አቆይታ ነበር።

«ምነው፣ ለመታሰቢያ ነው?» ብላ አንዲት አጣቢ ቀለደችባት።

«ምላስሽን በብሩሹ ፈትጊው!» አለቻትና ሸሚዞቹን ጠቅልላ ደረጃውን ወጣች።

የነርሶቹ አለቃ በር ላይ ገጠሟት። «ይህን ቆሻሻ ይዘሽ ወዴት ነው? ሐኪሞቹ ምክር ይዘዋል።»

«ቆሻሻ እንጀራዬ ነው፤ መንገድ ይልቀቁልኝ።»

«አይቻልም!»

«እምቢ!» ብላ ገባች፤ ስድስቱንም ሸሚዞች በሐኪሞቹ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች፤ አንድ ወጣት ሐኪም አፍንጫውን ያዘ።

«ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ ስለ አንጎል አላውቅም። እርስዎ ደግሞ ስለ ሸሚዝ አያውቁም።»

ሳቅ ሆነ። ዋና ሐኪሙ ግን ሳይስቁ «ተናገሪ» አሉ።

«ይህ የሰኞ ነው፤ ይህ የማክሰኞ። ሾርባው ሁልጊዜ የሚንጠባጠበው ከአፉ በግራ በኩል ነው፤ በቀኝ ጠብታ የለም። የቀኝ እጅጌው ደግሞ በስድስቱም ሳይቆለፍ ነው የመጣው። የቀኝን እጅጌ የሚቆልፈው ግራ እጅ አይደለም እንዴ?»

ዋና ሐኪሙ ሳያውቁት የገዛ እጅጌያቸውን ዳሰሱ። «ስንፈትነው እኮ በግራ እጁ አጥብቆ ይጨብጣል።»

«እልህ ነዋ! ሰዓት አዳሽ እጄ ደከመ ብሎ ይናገራል?»

«ግራ እጅን የሚያዘው የአንጎል ቀኝ ወገን ነው» አሉ ሐኪሙ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

ወጣቱ ሐኪም ጣልቃ ገባ፦ «የምንከፍተውን ወገን በአጣቢ ቃል ልንለውጥ ነው?»

«በቁልፍ ነው እንጂ» ብለው ዋና ሐኪሙ ተነሡ፤ እህቱንም አስከትለው ወደ ታማሚው ወጥተው «የቀኝ እጅጌህን ቆልፍልኝ» አሉት። ሰዓት አዳሹ ሞከረ፤ ላብ አጠመቀው፤ የግራ ጣቶቹ ቁልፏ ላይ እየተንሸራተቱ እምቢ አሉት፤ ቀና ብሎም እህቱን አያት።

«እትዬ፣ አሳበቅሽብኝ!»

«አዎ፤ ወደፊትም አሳብቅብሃለሁ።»

በማግሥቱ ጭንቅላቱ በቀኝ ተከፈተ፤ እጢውም እዚያው ተገኘ። ዋና ሐኪሙ ወጥተው አልዋሿት፦ «ማውጣት የሚቻለውን አወጣን። ነገር ግን ይህ እጢ ድንበር የለውም፤ በጤናው አካል ውስጥ ሥር ሰዷል፤ ተመልሶ ይመጣል።»

«እስኪመጣ ይኖራል?»

«ይኖራል።»

ሰዓት አዳሹ አሥራ አንድ ወር ኖረ፤ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ከእህቱም ጋር እንደ ልማዱ ተጨቃጨቀ፤ ከዚያ እጢው ተመልሶ ወሰደው። «ያ ሁሉ ትግል ለአሥራ አንድ ወር?» ላሏት ጎረቤቶች «ከሞት አፍ የነጠቅኋትን ዕድሜ ማን ያቃልላታል?» ብላ መለሰችላቸው።

ዋና ሐኪሙ ሙያቸውን ያስከበረላቸውን መጽሐፍ ከዓመታት በኋላ ሲያሳትሙ፣ ስለዚያ ታማሚ «የእጢው ወገን በጥንቃቄ በተደረገ ምርመራ ታወቀ» ብለው ጻፉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። የነርሶቹ አለቃ ምድር ቤት ወርደው መስመሯን አነበቡላት።

«እስቲ ይድገሙልኝ» አለች፤ ደገሙላት። እጇን በሽርጧ አደረቀችና «ያ ምርመራ እኔ ነኝ» አለች።

ታሪክ ቢላዋ የያዘውን እጅ መዘገበ፤ አቅጣጫ ያሳየው እጅ የማን ነው ብሎ አልጠየቀም። የእጁ ባለቤት ግን በዚያች መስመር ውስጥ የት እንዳለች አሳምራ ታውቅ ነበር።