የአሪቻው ሳጥን

የድጋሚ ቆጠራው ከምሳ በኋላ ሊቀጥል ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ይርጋ ሞተው ተገኙ። ዲላ ከተማ ለቆጠራው በተያዘ የቡና መጋዘን ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸው ተመቷል፤ በር ማስደገፊያው ድንጋይ አጠገባቸው ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ የአሪቻ ምርጫ ጣቢያ ሳጥን ማኅተሙ ተሰብሮ፣ ክዳኑ ገርበብ ብሎ ይታያል።

ጊዜው ሰኔ 1961 ዓ.ም. ነበር። ለፓርላማ መቀመጫው ሁለት ሰዎች ተፋጠዋል። አንደኛው በአሪቻ ሰፊ መሬት ያላቸው ፊታውራሪ ጉግሳ ናቸው፤ ምልክታቸው በቅሎ። ሁለተኛው የጌዴኦ ገበሬ ልጅ መምህር ሙሉካ ነው፤ ምልክቱ ፋኖስ። በመጀመሪያው ቆጠራ ፊታውራሪው አሸነፉ ተባለ። የሙሉካ ደጋፊዎች «ድምፃችን ተበላ» ብለው አቤት በማለታቸው ድጋሚ ቆጠራ ታዘዘ። ጠዋት የሌሎቹ ጣቢያዎች ሳጥኖች ተቆጥረው ፊታውራሪው በዘጠና ድምፅ መሩ። የቀረው የአሪቻ ብቻ ነበር። ሁለት መቶ የሚሆኑ የአሪቻ ሰዎች በእግራቸው መጥተው፣ በካፊያ ውስጥ ቆመው ይጠብቁታል።

መርማሪው መቶ አለቃ ዘነበ ሲደርሱ በመጀመሪያ የተናገሩት፣ «ሳጥኑን ማንም እንዳይነካ!» የሚል ነበር።

አጭር፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። መስኮቱን አዩ፤ የብረት ፍርግርጉ አልተነካም። በሩን አዩ፤ መቀርቀሪያው ደህና ነው። ከዚያ የቆጠራውን ሊቀመንበር ቀኛዝማች ወልደዮሐንስን አስጠሩ።

«ምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ሆቴል፣ ከፊታውራሪ ጋር። ይርጋን ሳጥን ጠብቅ ብዬው ነው የሄድኩት። ምስኪን!» ቀኛዝማቹ በመሐረባቸው ፊታቸውን ጠረጉ። «ለማንኛውም ትርፍ ወረቀት የተገኘበት ሳጥን በደንባችን ይሰረዛል። እርስዎ ገዳዩን ይፈልጉ፤ እኔ ውጤቱን ልዝጋ።»

«ይደርሳል» አሉ ዘነበ።

ፊታውራሪ ጉግሳ ግን ሳይጠየቁ ጀመሩ።

«ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ሙሉካን እሰር! እየተሸነፈ ያለው ማን ነው?»

«ቀኛዝማች አብረውዎት በልተዋል?»

«ትንሽ ዘገየ እንጂ በልቷል። ዝናቡ ይዞት ይሆናል።»

የሙሉካ ወኪል አቶ ባህሩዲን የጭነት መኪና ባለቤት ናቸው። ካፖርታቸው እንደራሰ ገቡ።

«በዝናብ ሲሮጡ ታይተዋል» አሉ መቶ አለቃው።

«ዛሬ ጁምዓ ነው፤ ከመስጊድ ስመለስ ነው። ቆጠራው እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ። ይህ ወንጀል ከሆነ ይጻፉብኝ!»

መምህር ሙሉካ ጥያቄውን በጥያቄ መለሰ። «መቶ አለቃ፣ አሪቻ የእኔ ነው። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። የገዛ ሳጥኔን ሰብሬ ምን አገኛለሁ?»

በመጨረሻ የሟች ባለቤት ወይዘሮ አሰገደች ቀረቡ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ድምፃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም።

«በስድስት ሰዓት ተኩል ምሳ አመጣሁለት። ‹ክፈት፣ እኔ ነኝ› አልኩት። ‹አሰጉ፣ ሊቀመንበሩ ካልመጡ ለማንም አልከፍትም፤ በራፉ ላይ አስቀምጪው› አለኝ። ለእኔ እንኳ አልከፈተም። እንዲህ ነበር ይርጋ።»

ዘነበ ሳጥኑን በአሰገደችና በባህሩዲን ፊት ከፈቱ። መዝገቡ ላይ የአሪቻ መራጮች መቶ ሰማንያ ስድስት ናቸው። ሳጥኑ ውስጥ ግን ሁለት መቶ ሃያ ወረቀት ተገኘ። ሠላሳ አራቱ ተርፈዋል። መቶ አለቃው እያንዳንዱን ወረቀት በጣታቸው ዳሰሱ፤ ጀርባውን አገላበጡ። ከዚያ የድምፅ መስጫ ወረቀቶቹ የሚታተሙበትን የኮሚቴውን ማኅተም ከቀኛዝማቹ ተቀብለው አንድ ባዶ ወረቀት ላይ መቱና ጠረጴዛው ላይ ተዉት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ አስከሬኑ ከተነሣ፣ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰቡ። በሩን ግን አልዘጉም።

«ሕዝቡ ይሰማል እኮ» አሉ ፊታውራሪው።

«ይስማ። ድምፁ የእሱ ነው።»

ዘነበ ወረቀቶቹን በሁለት ከፍለው አስቀመጡ።

«መራጭ ወረቀቱን አጥፎ በጠባቧ ቀዳዳ ያስገባል። መቶ ሰማንያ ስድስቱ የመታጠፍ መስመር አላቸው። ሠላሳ አራቱ ቀጥ እንዳሉ ናቸው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ነው የገቡት። ሁሉም ደግሞ ፋኖስ ላይ ተመልክቶባቸዋል።»

«አላልኩም!» ጮኹ ፊታውራሪው። «ሙሉካ ነው!»

«ሙሉካ ቢጨምር ሳጥኑ ይሰረዝበታል፤ መቀመጫውም የእርስዎ ይሆናል። የጨመረው ፋኖስ እንዲበራ የሚፈልግ ሰው አይደለም።» ዘነበ የመቱበትን ወረቀት አንስተው በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ቀለሙ ተዝረከረከ። «ይህ ከታተመ አንድ ሰዓት ሞላው፤ በዚህ እርጥበት ገና አልደረቀም። የሠላሳ አራቱ ማኅተም ግን ሳጥኑን ስንከፍተው ደርቆ ነበር። ቀድመው የተዘጋጁ ናቸው። ባዶ ወረቀቱና ማኅተሙ በማን እጅ ነበር?»

ሁሉም ወደ ቀኛዝማች ወልደዮሐንስ ዞሩ።

«ሰርቀውኝ ይሆናል!» አሉ ቀኛዝማቹ።

«ይርጋ ለሚስቱ ያልከፈተውን በር ለሌባ ይከፍታል? የሚከፍተው ለሊቀመንበሩ ብቻ እንደሆነ ከበር ኋላ ተናግሯል። አንድ ነገር ልጨምር። ሳጥኑ ተሰብሮ ስናገኘው ሁላችንም ድምፅ ጎደለ ብለን ነው የፈራነው። ሳይቆጠር ‹ትርፍ ወረቀት› ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ቀኛዝማቹ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ሄደህ ምሳህን ብላ አልኩት» አሉ ወለሉን እያዩ። «ወጣ። ምሳውን ከበራፉ አንስቶ ወዲያው ተመለሰ። እጄን ሳጥኑ ውስጥ አገኘው። ለመንኩት። አንድ ጋሻ መሬት ተሰጥቶኛል፣ እኩል እንካፈል አልኩት። ‹ወጥቼ ለሰዉ እናገራለሁ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።»

«ግደል አላልኩህም!» አሉ ፊታውራሪ ጉግሳ።

ፊታውራሪው የተናገሩት ለራሳቸውም የተሰማቸው ዘግይቶ ነበር።

«ምን እንዳሉት ፖሊስ ጣቢያ ያስረዱኛል» አሉ ዘነበ። ሁለት ፖሊሶች ቀኛዝማቹን ይዘው ወጡ።

ባህሩዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሐዘን ነው። ቆጠራው ለሌላ ቀን ይተላለፍ።»

«አይተላለፍም!» አሰገደች ነጠላቸውን አደግድገው በባላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ይርጋ የሞተው ለዚህ ሳጥን ነው። ሳይቆጠር አልቀብረውም። ማንበብ እችላለሁ። ሁላችሁም እያያችሁ አነባለሁ፤ መምህሩም፣ እርስዎም ፊታውራሪ፣ ቆመው ይቁጠሩ።»

«ትርፉ ተለይቶ ወጥቷል፤ ሳጥኑ የሚሰረዝበት ምክንያት የለም» አሉ ዘነበ።

አሰገደች የታጠፉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ እያነሱ ጮክ ብለው አነበቡ። ፋኖስ። ፋኖስ። በቅሎ። ፋኖስ። አንዴ ብቻ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው ቀጠሉ። ሲያልቅ ፋኖስ መቶ ሃምሳ አንድ፣ በቅሎ ሠላሳ አምስት ሆነ። ሙሉካ በሃያ ስድስት ድምፅ አሸነፈ። ዘነበ ቃለ ጉባኤው ላይ በምስክርነት ፈረሙ።

ፊታውራሪው በሌሎች ሁለት ፖሊሶች መካከል በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ጣታቸውን ወደ ሕዝቡ ቀሰሩ።

«ከመሬቴ ላይ አንድ ሰው አላስቀርም! ነገ ሁላችሁንም እነቅላለሁ!»

ከአሪቻ ሰዎች መካከል አንድ ጭሰኛ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ፊት ወጡ። ዝናቡ በፊታቸው ላይ ይወርዳል።

«ይንቀሉን፣ ጌታዬ» አሉ። «የምንነቀለው ግን ተቆጥረን ነው።»