የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ

ሕዝቅያስ የመመረቂያ ጽሑፌን ሳይጠይቀኝ ለዓለም ከፈተው። የልደት ስጦታ ነው አለ።

የተዋወቅነው ናይሮቢ፣ በዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነው። የቆየ ቴሲስ ፈልጌ ሄጄ፣ እዚሁ ተቀምጠሽ ከማንበብ በቀር ኮፒ ማድረግ ክልክል ነው ተባልኩ። ሕዝቅያስ አሮጌ ቴሲሶችን ስካን እያደረገ፣ ማንም በነጻ የሚያነብበትን ድረ ገጽ ይሠራ ነበር። በአማርኛ ስሳደብ ሰምቶ ሳቀ። በማግስቱ ሙሉውን በኢሜይል ላከልኝ።

«አቧራ እንዲበላው አልተጻፈም» አለኝ። የወደድኩት ለዚያ ነው።

የእኔ ቴሲስ ግን ያለ መኖሪያ ፈቃድ ናይሮቢ ውስጥ ተቀጥረው ስለሚሠሩ የሀገሬ ሴቶች ነው። አምነውኝ ነው የነገሩኝ። ሥራ እስኪቀይሩ ድረስ ለሁለት ዓመት ዝግ እንዲሆን ፈርሜ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ቢሮው ስገባ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው።

«ነይ እዪ፤ ድረ ገጹ ሲከፈት የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። ስንት ሰው ጽሑፍሽን እንዳወረደው ታውቂያለሽ?»

ስክሪኑ ላይ ያለው ካርታ ያወረዱትን ሰዎች በቀይ ነጥብ ያሳያል። አንዱ ለንደን፣ አንዱ አዲስ አበባ። የቀሩት በሙሉ ናይሮቢ ላይ ተቆልለዋል።

«እነዚህ እነማን ይመስሉሃል?»

«ተማሪዎች ይሆናሉ።»

«አሠሪዎቻቸው ናቸው። ሊንኩ በሐበሾች ዋትስአፕ እየዞረ ነው። አሠሪዋ እታገኘሁ፣ ያነጋገርኳትን ጥሩሰውን፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ካለው ምግብ ቤቷ አባራታለች። ፓስፖርቷን እንደያዘችባት ነው። አሁን ሳውዝ ሲ፣ እኔ ቤት ሶፋ ላይ ተኝታለች።»

ፈገግታው ጠፋ። «ስሟን ቀይረሽው የለም እንዴ?»

«ግራ እጇን ዘይት ያቃጠላት የአርባ ምንጭ ወጥ ሠሪ ሁርሊንግሃም ውስጥ ስንት አለች?»

«ታዲያ ለምን ጻፍሽው?»

«ዝግ ይሆናል ስለተባልኩ።»

«ፖሌ፣ አቢ» አለኝ፤ በስዋሂሊ ‹አይዞሽ፣ ይቅርታ› ማለት ነው።

«ፖሌ ሻይ ለደፋ ሰው ነው የሚባለው። ሌሎቹ ሴቶች ሳይታወቁ ዝጋው። አሁን።»

እጁን ማውሱ ላይ አድርጎ አመነታ። ማመንታቱን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ሊስመኝ ሲልም እንዲሁ ነበር። ያኔ መጠበቁ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ሐሙስ ድረ ገጹን ለዩኒቨርሲቲው ሴኔት አሳያለሁ» አለ በመጨረሻ። «የመጀመሪያው ጽሑፍ ተነሥቷል የሚል ካዩ ፕሮጀክቱን ይጥሉታል። ስንት ዓመት የለፋሁበት ነው። እስከ ሐሙስ ብቻ ታገሺኝ።»

«እስከ ሐሙስ ስንቷ ትባረር?»

«ሁሉም ክፍት ይሁን ስትይ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«የሞቱ ፕሮፌሰሮችን ጽሑፍ ነበር ያልኩህ።»

እጄን ያዘ። እጁ ሞቃት ነበር፤ ይህም አናደደኝ።

«ከሐሙስ በኋላ ሩንዳ ሰፈር፣ አባትሽ ጋ ሽማግሌ እልካለሁ። አስቤበታለሁ።»

«ሽማግሌዎቹን ጥሩሰው ጋ ላካቸው።»

ሌላው እጁ ማውሱ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ቢጫነው ይበቃ ነበር። ጠበቅሁት። ማውሱን ለቀቀና ስክሪኑን መልሶ ወደ ራሱ አዞረው።

ቦርሳዬን አነሣሁ።

«ወዴት ነሽ?»

«የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋ። የፈረምኩትን አሳያታለሁ።»

«ካሳየሻት ሁሉም ነገር አለቀ፣ አቢግያ። የእኔም፣ የእኛም።»

በሙሉ ስሜ ሲጠራኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።