አረንጓዴ ናስትሮ የተለጠፈበት ዕቃ

አባ ብሎን ሞቶ የተገኘው በገዛ ወርክሾፑ፣ ክዳኑ በተከፈተ አሮጌ ማይክሮዌቭ ላይ እንደተደፋ ነበር። ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣለት መሬት ላይ የወደቀች ብሎን አይቶ ስለማያልፍ ነው። ሰው የሚጥለውን ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና ካውያ እየተቀበለ ይፈታል፤ ብረቱን ከመዳቡ ይለያል፤ መርዛማውን አሽጎ በአግባቡ ለሚያስወግዱት ያስረክባል። ወርክሾፑን ሲከፍት ለጎረቤቶቹ «እዚህ አንዲት ሽቦ አትቃጠልም» ብሎ ቃል ገብቶላቸዋል።

ጸጉሯ የሸበተው መርማሪ አስከሬኑ ሳይነሳ ደረሰች። ቁጭ ብላ ማይክሮዌቩን ዙሪያውን አየችው። አቧራው ጣት ይቀብራል። ሶኬት ውስጥ የሚሰኩት የገመዱ ሁለት ጥርሶች ግን ያብረቀርቃሉ። ጎኑ ላይ ቁራጭ አረንጓዴ ናስትሮ ተለጥፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

መልሱን የሰጠቻት ሙያውን ከሟቹ የተማረችውና አብራው የምትሠራው ዕቃ ፈቺዋ ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «‹መንካት ይቻላል› ማለት ነው። ውስጡ ካፓሲተር የሚባል አለ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ያንን ኤሌክትሪክ ካወጣን በኋላ አረንጓዴ እንለጥፋለን። ጋሼ አረንጓዴ ካላዩ እጃቸውን አይሰዱም።»

«የምትለጥፉት እነማን ናችሁ?»

«እኔና ታናሽ ወንድማቸው። ይሄን ግን እኔ አልለጠፍኩትም።»

ታናሹ ወንድም በሩን ተደግፎ ቆሟል። ግራ እጁ ከጣቱ እስከ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል። «እኔም አልነካሁት» አለ። «ዕቃው ከክረምት በፊት የመጣ ነው። አሮጌ ዕቃ ክፉ ነው፤ ተኝቶ ይከርምና ይነክሳል።»

«እጅህን ምን ነካው?»

«ፍል ውሃ ፈሰሰብኝ።»

መርማሪዋ እጁን ቀስ ብላ ያዘች። ከፋሻው ጠርዝ አለፍ ብሎ ቆዳው ላይ ጥቁር የፕላስቲክ ጠብታ ደርቋል። «እግዜር ይማርህ» ብላ ለቀቀችው።

የሟቹን ሚስት ያገኘቻት ጓዳ ውስጥ፣ የባሏን የሥራ ካፖርት ታቅፋ ነው።

«ሰሞኑን የከፋው ነገር ነበር?»

«አንጀቱን የሚበላው ነገር ነበር። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ አደራ አለብኝ።»

«አደራ ያለሽ ሟቹ ነው ወይስ ገዳዩ?»

ሴትየዋ ካፖርቱን ይበልጥ ወደ ደረቷ ሳበችው። ገዳይ የሚል ቃል ከሰው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

መርማሪዋ ከዚያ ወጥታ ከወርክሾፑ ጀርባ ያለውን ገደል ወረደች። ከሥሩ ድንጋዩ ጥላሸት ለብሷል፤ አመዱ ውስጥ የመዳብ ክር ተጠላልፏል። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ ክረምቱን ሙሉ ግን አይዝም። እንግዲህ ይህን ዕቃ በቅርቡ ሶኬት ላይ የሰካው ሰው አለ። ሌላው ሁሉ አቧራ ለብሶ የገመዱ ጥርሶች ብቻ የጠሩት ለዚህ ነው።»

«ጋሼ ራሳቸው ሞክረውት ቢሆንስ?» አለች ፈቺዋ።

«ቢሰኩት ኖሮ ኃይል እንዳለው ያውቁ ነበር። አረንጓዴ አይለጥፉበትም ነበር።» ናስትሮውን በወረንጦ አነሳችው። «አንቺ በመቀስ ነው የምትቆርጪው፤ የለጠፍሻቸውን ሁሉ አይቻለሁ፣ ጫፋቸው ቀጥ ያለ ነው። ይሄ በጥርስ ተነክሶ የተቀደደ ነው። በጥርሱ የሚቀድ ብዙ ሰው አለ። አንድ እጁ የታሰረ ሰው ግን ሌላ መላ የለውም።»

ታናሹ ወንድም ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በናስትሮ ሰው ይታሰራል እንዴ?»

«በናስትሮ ብቻ አይደለም። ፍል ውሃ ቆዳ ላይ የቀለጠ ፕላስቲክ አይተውም። ገደሉ ሥር ሽቦ የሚቃጠልበትን ቦታ አይቻለሁ። አንተ መዳብ ስታወጣ የሰፈሩ ሕፃናት ጭሱን ሲስቡ ከርመዋል። ወንድምህ ደረሰበት። አንተ ደግሞ አረንጓዴውን አይቶ እንደሚያምንህ ስለምታውቅ ዕቃውን ሰክተህ ኃይል ከሞላህበት በኋላ ለጠፍክበት።»

ታናሹ ወንድም አንድ የተገነጠለ የፍሪጅ በር ላይ ተቀመጠ።

«ጎረቤት ሰብስቤ እናገራለሁ አለኝ» አለ። «ለመንኩት። እንቢ አለ። በሰፈሩ ፊት ሊያዋርደኝ ነበር።»

የሟቹ ሚስት ተነሥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር።

«ሊናገር ነበር፤ እውነትህን ነው። አደራው ይኸው ነው። ‹የልጁን ስም አላነሣም፤ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ እላለሁ፤ ይቅርታውንም እኔ እጠይቃለሁ› ነው ያለኝ። እንዳታፍር ብሎ ለአንተም እንዳልነግርህ አስማለኝ።»

መርማሪዋ የታናሹን ወንድም ደህና ክንድ ይዛ አስነሣችው።

እናቱ የሞተችበት ገና የወተት ጥርሱ ሳይወልቅ ነበር፤ ያሳደገችው ይህች ሴት ናት። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠራት እንደኖረው፣ «እትዬ» አላት።

እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ነበር። አልዞረችም።