ያለ ናጋ የሚጠራ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመንም አለማመንም የአንባቢ ፈንታ ነው፤ እኔ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ነበር። የቀን ስድስት ሰዓት።

ክፉ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ነገሌ ቦረናን በቦና፣ በደረቁ ወራት፣ በቀትር አላያትም። ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። ፍየሎቹ ግድግዳ ሥር ተለጥፈው ይተኛሉ። ቀዩ መንገድ ባዶውን ይቀራል። የገዛ ጥላህ እንኳ እግርህ ሥር ገብቶ ይደበቃል።

ዘመኑ 1963 ዓ.ም. ነው።

ስሜ ወልደሥላሴ ይባላል። አባቴ ከጎጃም በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። እሱም እናቴም ካረፉ በኋላ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ የዓለምወርቅ ናት። እኔ "እታለም" እላታለሁ። እንዲህ ብሎ የሚጠራት ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ይህን ልብ በሉልኝ።

እታለም ታማ ነበር። ቀትር ላይ የሚጠራት ድምፅ ይሰማታል። ሲጠራት ትነሣለች። የያዘችውን ትጥላለች። በሩን ከፍታ፣ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ፣ ወደ ሜዳው ትሄዳለች።

አንድ ቀን ከፊልቱ የሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር መንገድ ዳር ወድቃ አግኝቶ አመጣት። ከንፈሯ በውሃ ጥም ተሰነጣጥቆ ነበር። ጎረቤታችን ሸምሳ፣ የባለሱቁ የአብዱልሃሚድ ሚስት፣ እግሯን እያጠበች ቀና ብላ አየችኝ።

"ወልዴ... ሌላ ጊዜ ሾፌር ባያልፍስ?"



በዚያ ሰሞን ነው ዶክተር ቢረሳው ከአዲስ አበባ የመጡት። ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰሙ ሕመምተኞችን ሊያጠኑ ነው። አዲስ ክኒን ይዘዋል። ለግማሹ ሰው መድኃኒት ያለበትን ይሰጣሉ፤ ለግማሹ መልኩ አንድ የሆነ፣ ግን ምንም የሌለበትን። ማን የትኛውን እንደ ዋጠ እሳቸውም አያውቁም። የሚያውቁት አዲስ አበባ ያሉት ናቸው።

ኦሮምኛ የሚችል አስተርጓሚ ፈለጉ።

እኔ ሰው ፊት ለመናገር የማፍር፣ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። ግን ለእታለም ስል ሄድኩ። ክኒኑ ለእሷም እንዲደርሳት።

"ድምፅህ ጥሩ ነው፤ ዝግ ያለ ነው" አሉኝ። "ጥያቄውን ለሁሉም በአንድ ቃል፣ በአንድ ድምፅ ትጠይቃለህ። አትጨምር፤ አትቀንስ።"

"እሺ ጌታዬ። ግን መጀመሪያ ሰላምታ..."

"ሰላምታ የለም።"

"ቦረና ዘንድ ናጋ፣ ሰላም፣ ሳይባል ነገር አይጀመርም ጌታዬ። ናጋ ነህ? ከብቱስ ናጋ? ልጆቹስ? ዝናቡስ?..."

ሳቁ። "እስከዚያማ ይመሻል! ለአንዱ አብዝተህ፣ ለአንዱ አሳንሰህ ሰላምታ ከሰጠህ ጥናቱ ይበላሻል። ስም ጥራ፤ ጠይቅ። በቃ።"

ስም ጥራ። ጠይቅ።

ግራር ሥር ድንኳን ተተከለ። በመጀመሪያው ቀን፣ ወደ ቀትር ሲል፣ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ በልጃቸው እየተመሩ ገቡ።

"ጃታኒ" ብዬ ጠራሁ።

ሽማግሌው ክው አሉ። በትራቸው ከእጃቸው ወደቀ።

"ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዎታል?"



ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደ እኔ አዞሩ።

"መጣህ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ማን?"

"አንተ። በየቀትሩ 'ጃታኒ፣ ኮቱ' የምትለኝ።"

ኮቱ ማለት ና ማለት ነው።

"ተሳስተዋል አባባ። የተገናኘነው ዛሬ ነው።"

"ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልታወረም። ያው ድምፅ ነው። የሰው ልጅ ናጋ ብሎ ይጀምራል። ያለ ናጋ ስሜን የሚጠራ እሱ ብቻ ነው። አንተስ አሁን እንዴት ጠራኸኝ?"



"ከ... ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሰሙት?"

"ዓይኔ ሳይጠፋ። አንተ ሳትወለድ።"

ዶክተሩ ብዕራቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። "ምን አለ?"

"የሚሰሙት ድምፅ የእኔ ነው ይላሉ።"

"ያጋጥማል" አሉ ሳይደነግጡ። "የታመመ አእምሮ በቅርብ የሰማውን ድምፅ ይይዝና ድሮም የነበረ ይመስለዋል። ቀጥል።"

ቀጠልኩ። ሐኪም ካለ ልክ ነው ብዬ።

ከወደራ በኩል የመጣው ከብት ነጋዴ ጣዲቻ ግን ገና ስሙን ስጠራው በሳቅ ፈነዳ።

"አንተ ነህ እንዴ! ኧረ አንተ ሰው አትደክምም? ትናንት ጠርተኸኝ ያን ሁሉ ሜዳ አቋርጬ ብመጣ የለህም። ከብት ልትገዛ ነው ወይስ ልትቀልድብኝ?"

ሳቁን ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

"ሁለተኛ አትጥራኝ" አለኝ ዝቅ ብሎ። "እባክህ። ልጆች አሉኝ።"

ያን ቀን ቤት ስገባ እታለም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ተቀመጥኩ። ተነሣሁ። እንደገና ተቀመጥኩ።

"እታለም... የሚጠራሽ ድምፅ የማን ነው?"

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

"ትቀየመኛለህ።"

"አልቀየምም።"

"ያንተ ነዋ" አለች፤ እንዳፈረች። "ለዚህ እኮ ነው የምነሣው። አንተ ጠርተኸኝ እንዴት እቀራለሁ?"

በማግሥቱ ዶክተሩን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኩ። እታለም ጥናቱ ውስጥ ገባች። ክኒኑን ትውጥ ጀመር።

ቀናት አለፉ። የሌሎቹ ድምፅ አንድ በአንድ ቆመ። የጣዲቻ ቆመ። የጃታኒ ቆመ። ዶክተር ቢረሳው ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው፤ ብዕራቸውን በጠረጴዛው ላይ እንደ ከበሮ ይመቱ ነበር።

እኔን የከነከነኝ አንድ ነገር ነው። ከሚውጡት ግማሾቹ የዋጡት ባዶውን ክኒን ነው። ታዲያ የሁሉም እንዴት ቆመ?

ጃታኒን ከድንኳኑ ውጭ ተከትዬ ጠየቅኋቸው።

"መድኃኒቱ አይደለም" አሉ። "ያ ነገር ድምፅህን ለብሶ ሲዞር ኖሯል። አሁን የልብሱን ባለቤት አገኘ። እኛን ምን ያደርገናል?"

"ምን ላድርግ አባባ?"

በመዳፋቸው ፊቴን ዳሰሱ። ከንፈሬ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ናጋ በል። ሰው ስትጠራ አስቀድመህ ናጋ በል። እሱ ይህን አያውቅም።"

የሁሉም ድምፅ ሲቆም የእታለም አልቆመም። እየቀረበ መጣ እንጂ።

"ዛሬ ከየት ጠራሽ?" እላታለሁ።

መጀመሪያ "ከሜዳው" አለችኝ። ቀጥሎ "ከግራሩ ሥር"። ከዚያ አንድ ቀን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ...

"ከአጥሩ ውጭ" አለች።

ያን ጊዜ እጇን ያዝኩ። "ስሚኝ እታለም። እኔ ከሆንኩ ከመጥራቴ በፊት ናጋ እላለሁ። ናጋ ካላልኩ እኔ አይደለሁም። በሩን ቀርቅሪ። አትመልሺ። አትክፈቺ።"

"ናጋ" አለች ፈገግ ብላ፤ ልክ በልጅነታችን ከሰፈር ልጆች ጋር ስንጫወት እንደምንለው።

"አዎ። ናጋ።"

ከአጥሩ ውጭ አንድ ሰው "ናጋ" ሲል ሰማሁ።

ቀስ ብሎ። ቃሉን እንደሚለማመድ ሰው።

መንገደኛ ነው አልኩ። ቀትር ነበር። መንገዱ ላይ ሰው እንደሌለ ያሰብኩት በኋላ ነው...

በማግሥቱ ዶክተሩ ሊሄዱ ዕቃ ይጭኑ ስለነበር ቶሎ ለቀቁኝ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነች። በሸምሳ ሱቅ በኩል ሳልፍ ከተዘጋው መስኮት ውስጥ ድምፅዋ መጣ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፤ ወልደሥላሴ።"

"ምነው ተመልሰህ ወጣህ? ቤት አልገባህም እንዴ?"

"መቼ?"

"አሁን ነዋ! 'ሸምሳ፣ ናጋ?' ብለኸኝ አለፍክ። ዛሬስ አፉ ተፈታ፣ ሚስት ሊያገባ ነው ብዬ ስቄብህ ነበር።"

"አየሽኝ?"

"መስኮቱ ዝግ ነው እኮ፤ ሰማሁህ እንጂ..." አለች። ከዚያ መስኮቱን ከውስጥ ስትቀረቅረው ሰማሁ።

ሮጥኩ።

በራችን ተዘግቷል። ገፋሁት። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

"እታለም!"

በሩን ደግሜ ገፋሁት።

"እታለም! ክፈቺ! እኔ ነኝ!"

ከውስጥ ሹክሹክታ ሰማሁ። የእህቴ ነው።

"መጣ... ስማው፤ ያለ ናጋ ነው የሚጠራው።"



በድንጋጤ ረስቼው ነበር። ራሴ ያስተማርኳትን ረስቼው ነበር።

ከዚያ ሌላ ድምፅ መለሰላት። ዝግ ያለ። ለስላሳ። ድንኳኑ ውስጥ በየቀኑ ስሰማው የሰነበትኩት ድምፅ...

የእኔ ድምፅ።

"አትመልሺለት እታለም" አላት።

ናጋ ልል አፌን ከፈትኩ።

አልወጣም።

እንደገና ሞከርኩ። ጉሮሮዬ ተንቀሳቀሰ፤ ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። በዚያ ዝምታ ውስጥ በበሩ ማዶ ያ ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገ። ልክ እኔ ከመናገሬ በፊት እንደማደርገው።

በሩን በጡጫ ደበደብኩት። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በመጨረሻ ሸምሳ ባሏን አስከትላ መጣች።

"የዓለምወርቅ፣ ናጋ ነሽ? እኔ ነኝ፤ ሸምሳ" አለች።

መቀርቀሪያው ተሳበ።

እታለም ብቻዋን ናት። ፀጉሯን ተሠርታለች። ፊቷ እንደዚያ ፈክቶ ካየሁት ብዙ ዘመን አልፏል። ሸምሳን ሳመቻት፤ ከዚያ እኔን አየችና ግራ ተጋባች።

ወደ ኋላዋ ወደ ቤቱ ውስጥ ዞር ብላ አየች።

"ወልዴ?... መቼ ወጣህ?"

ዶክተር ቢረሳው ከመሄዳቸው በፊት ጉሮሮዬን በባትሪ አዩት። "ምንም ጉዳት የለውም" አሉ። "ከድንጋጤ ነው። አንዳንድ ሰው በድንጋጤ ድምፁ ይጠፋል፤ ይመለሳል።" እታለምንም ጠየቋት፤ አማርኛ ተናጋሪ ናትና አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ድምፅ የሚባል እንደማትሰማ ነገረቻቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "እህትህ እኮ ዳነች! ምን ትፈልጋለህ?" አሉኝ።

እውነት ነው። ድናለች። ወደ ሜዳው አትሄድም። ትበላለች፤ ትተኛለች፤ ትስቃለች። የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

የእኔ ድምፅ ግን አልተመለሰም። መናገር ስለማልችል ነው የምጽፈው።

ጠዋትና ማታ ቤታችን ሰላም ነው። ቀትር ሲሆን ብቻ እታለም ተነሥታ በሩን ከውስጥ ትቀረቅራለች። እኔ ውጭ እቀራለሁ። ለምን እንደሆነ በምልክት ስጠይቃት፣ የምቀልድ ይመስላታል። "አንተው አይደለህ ዝጊ ያልከኝ?" ትለኛለች።

ትናንት ቀትር ላይ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነበር። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ፍየሎቹ ተኝተዋል። ጥላዬ እግሬ ሥር ገብቷል።

ከውስጥ ድምፄን ሰማሁት። ቃል ሳይጨምር፣ ቃል ሳይቀንስ፣ ጥያቄውን ጠየቃት።

"ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰሚያለሽ?"

ተነሣሁ። በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። እንጨቱ እስኪንቀጠቀጥ... ቆዳዬ ተልጦ በሩ በደም እስኪቀባ ደበደብኩት።

እታለም ጥቂት አዳመጠች።

"አይ" አለች፤ ተረጋግታ። "አሁንስ ምንም አልሰማም።"