ታንኳ ላይ አቤት አይባልም

ይህ በራሴ የደረሰ ነው። ምነው ውሸት በሆነልኝ!

ጊዜው 1992 ዓ.ም፣ ጥቅምት። ቦታው ጢስ ዓባይ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ጠራራ ፀሐይ፣ ስድስት ሰዓት፣ ቀትር ላይ ነው።

ያኔ ከወንዙ ማዶ አስተምር ነበር። ታናሽ እህቴ ሀብትነሽ የምትኖረው ቡሬ፣ እናታችን ጋ ነው። ልትጠይቀኝ መጥታ ወባ ጣላት። ጤና ጣቢያ ለመድረስ ዓባይን መሻገር ግድ ነው።

ባለ ታንኳው አያ ገብረሰንበት ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

«ቀትር ነው ልጄ። ውሃው ባለቤት አለው።»

«ትሞትብኛለች! በእመብርሃን ይዤዎታለሁ!»

ተነፈሱ።

«እሺ ግቡ። እጅ ወደ ውጭ አይወጣም። የጋቢዋን ቋጠሮ ፍታ፤ ውሃ ከጠጣ ድንጋይ ነው። መቆም የለም፣ ታንኳ ይገለበጣል። ስማችሁ ቢጠራ... አቤት እንዳትሉ።»

ቋጠሮውን ፈታሁ። ሀብትነሽ እየተንቀጠቀጠች ጭኔ ላይ ተኛች።

መሃል ላይ ስንደርስ ወፎቹ ዝም አሉ።

መቅዘፊያው ውሃውን ይመታል... ድምፅ የለውም።

«አያ ገብረሰንበት...»

«ዝም! ወደ ታች አትይ።»

ከዚያ ከታንኳው ስር ሰማሁት።

«ሀብትነሽ!»

የእናቴ ድምፅ ነበር። ቡሬ ያለችው የእናቴ።

እናታችን ስትጠራን ተቀምጦ አቤት ማለት በቤታችን ነውር ነው። እንዲያ ነው ያሳደገችን። ሀብትነሽ ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም...

«አቤት!» ብላ ብድግ አለች።

ታንኳው ተንጋደደ። ጋቢዋን ጨምድጄ ያዝኩ። ቋጠሮ የለውም... ባዶውን እጄ ላይ ቀረ።

ውሃው አልተንቦጫረቀም።

እስኪመሽ ፈለግናት። ሬሳዋም አልተገኘም።

በማግስቱ መርዶውን ይዤ ቡሬ ገባሁ። ምን ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኛል። እናቴ ግን ቀደመችኝ።

«ትናንት ቀትር ላይ ለምሳ ጠራኋት» አለችኝ በሹክሹክታ። «አንተ ጋ መሄዷን ረስቼ። አቤት አለችኝ።»

«የት ሆና?»

በጣቷ ጓዳ ያለውን የውሃ በርሜል አሳየችኝ። ክዳኑ ላይ የወፍጮ ድንጋይ ተጭኖበታል።

እንባዬ መጣ። ልነግራት አፌን ስከፍት...

«ጋሼ!»

ከበርሜሉ ውስጥ ነው። ጋሼ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት።

ሳላስበው ብድግ አልኩ። አቤት ልል ስል እናቴ አፌን በመዳፏ ከደነችው።

እጇ በረዶ ነው። ከጣቶቿ ድፍርስ የወንዝ ውሃ ይንጠባጠባል...